የሰንበቴው ሰዎችና የአውቶቡሱ አክሲዮን

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጥጋቡ ጓዴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ ክፉ ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ውባለምስ እንዴት ናት? ሕፃኑስ አፉን ፈታ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ለአባባ የላክኸው ደብዳቤ ደርሷል። ምነው ባልደረሰ! ነጋዴው አሕመዲን እኔን ሲያጣኝ ለራሳቸው ሰጣቸው፤ እሳቸው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት አቀበሏቸው። የመሪጌታን ድምፅ ታውቀዋለህ። ወንጌል እንደሚያነቡ አድርገው ለማኅበርተኛው ሁሉ አሰሙት። የምትሠራበት የአውቶቡስ ኩባንያ መንገደኛ እንዳጣ፣ ቤንዚን እንደተወደደበት፣ ስለዚህም አክሲዮኑን በርካሽ እየሸጠ እንደሆነ፣ ዛሬ የገዛ ነገ ጌታ እንደሚሆን ለአባትህ ብቻ ብለህ የጻፍከውን አገር ሰማው።

አክሲዮን ምንድን ነው ያለ ሰው አልነበረም። መሪጌታ ማኅበር ማለት ነው አሉ፤ በቃ። የእኛ ሰው ደግሞ ማኅበር ሲባል የሚያውቀው ሰንበቴውን ነው። ዛሬ አንዱ ይደግሳል፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ያዋጣ ሰው ተራው ይደርሰዋል፣ ማንም አይቀርበትም። ጎረቤታችን ቢሻውማ የአውቶቡሱ ተራ ክረምት ላይ ቢደርሰኝ በዚያ ጭቃ እንዴት አድርጌ አመጣዋለሁ ብሎ ጠየቀኝ። በሳቅ ልሞት! ኋላ ለዚሁ መዋጮ በሬውን እንደሸጠ ስሰማ ግን ሳቄ ደረቀ።

ባለፈው ሳምንት ቅቤ ልሸጥ ደብረ ታቦር ሄጄ አውቶቡሳችሁን በዓይኔ አየሁት። ሲነሣ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ነው። አባባም ቀደም ብለው ይህንኑ አይተው ኖሮ ከስሯል ያለው ማነው ይላሉ። እኔ ግን የተሳፋሪዎቹን ፊት አየሁ። ከወሎ በኩል ድርቅ ያባረራቸው ናቸው፤ ሞፈር ቀንበራቸውን ሳይቀር ሸጠው ነው የተሳፈሩት። አውቶቡሱ ሲመለስ ባዶውን ነው። ሹፌሩን ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ የሚመለስ የለም አለኝ። እንዲህ ያለ መንገደኛ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው። እነሱ ሲያልቁ ማን ሊሳፈር ነው? አንተ እዚያ ትኬት እየቆረጥክ ይህን እንዴት አላየኸውም? ወይስ አይተህ ዝም አልክ?

እዚህም ሰማዩ አላማረኝም። ገበያው ላይ በሬ ረክሷል፣ እህል በየሳምንቱ ይወደዳል። ከብት ሸጦ መንገድ የሚጀምረው ሰው በዝቷል። ማታ ማታ ከታች መንገድ ላይ የሕፃን ለቅሶ እሰማለሁ፤ የመንደራችን ልጅ አይደለም። ክረምቱ ሲገባ ማኅበርተኛው በምን ሊያርስ ነው? ፈራሁ ጥጋቡ፤ በጣም ፈራሁ። ያኔ የሚረገመው ኩባንያው አይደለም፤ የጓዴ ልጅ ነው።

ይህን ደብዳቤ ይዘውልህ የመጡት አባባ ራሳቸው ናቸው። የማኅበርተኛው ገንዘብ ወገባቸው ላይ ታስሯል። የጻፍኩት ሰላምታ ብቻ ነው ብያቸዋለሁ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩባቸው፤ ከተማ ያለው ልጄ ያለውን ትቼ የአንቺን ወሬ ልስማ ወይ ብለው አባረሩኝ። አንተን ግን ይሰሙሃል። አክሲዮኑ አልቋል በላቸው። አባትህን መዋሸት ከከበደህ ኃጢአቱን በእኔ ላይ አድርገው። መቀነታቸውን ሳይፈቱ መልሳቸው፤ በሬ ርካሽ ሳለ በሬ ይግዙበት። ለአንድ ቀን እንኳ አታሳድራቸው፤ ከዚያ ኩባንያ ደጅ ከደረሱ አለቀልን።

ውባለምን ሳምልኝ፤ ሕፃኑንም። መሪጌታ ወልደ ሰንበት እግዚአብሔር ይባርክህ ብለውሃል፤ በቅሏቸውን ሸጠዋል። ቢሻው እንደምን ሰነበትክ ይልሃል፤ እሱ እንግዲህ በሬ የለውም። አክስታችን ፋንቱ ናፍቆትህ ገደለኝ ትላለች፤ የዘር ገብሷን ከጎተራ አውጥታ ሰጥታለች። እናታችን ጉንጭህን ስመውሃል። ለመገነዣቸው ብለው ፈትለው ያስቀመጡት ኩታ ተሸጦ እሱም አባባ ወገብ ላይ ነው።

እህትህ ዓለምጸሐይ ጓዴ
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
ጥር ፳፯ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.