በወይራ ያጠንሁት እንስራ

ዳባት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

መጠጥ የተውነው ሰዎች የምንጠጣው የማኅበር ጽዋ ዛሬ በእኔ ቤት ነበር። አምና ጠበል ስጠመቅ አግኝተው ያስገቡኝ እነሱ ናቸው። በየወሩ በሚካኤል ተሰብስበን ብርዝ እንጠጣለን፤ የተፈተነም ካለ ይናገራል። ልጆቼ ከሸሹኝ ወዲህ ደጄን የሚረግጥ ሌላ ሰው የለም።

እንዳላፍር ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስለፋ ነበር። እንስራውን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጠንሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ለጠላ ሳደርገው የኖርሁትን ሳላስብ አደረግሁት። ጧት ማሩን በጥብጬ ሞላሁበት።

መጀመሪያ የቀመሰው በቅሎ ነጂው አያ ታከለ ነው። ማኅበር ከገባ ወዲህ መጠጥ የሚባል አልቀመሰም።

«እትዬ፣ ይኸ ነገር ጠላ ጠላ ይላል» አለኝ።

«ብርዝ ነው፣ አያ ታከለ። ዛሬ ጧት የበጠበጥሁት።»

«ብርዝነቱንማ አውቃለሁ።»

«ሙያ አይረሳም፣ እትዬ» ብሎ አንዱ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

አያ ታከለ አልሳቀም። ጽዋውን አስቀምጦ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ «በቅሎዋን አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ጸሎት እስኪደረግ ጠበቅነው። አልተመለሰም።

ቀን ሲያዘቀዝቅ ጎረቤቴ መጣች። በቅሎዋን አረቄ ቤቱ ደጃፍ ታስራ አይታታለች። በእንስራዬ ሽታ ወደዚያ የላክሁት እኔ ነኝ። ሄጄ ላስወጣው ነጠላዬን አነሣሁ። ነገር ግን ያን ደጃፍ ከረገጥሁ እኔም መግባቴ ነው፤ ራሴን አውቃለሁ።

ነጠላዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ይህን እጽፋለሁ። እንስራው ከነብርዙ እንደ ሞላ ነው። ቤቱ በሙሉ ጠላ ጠላ ይላል።