የተጎተተው ካሴት

ይድረስ ለእህቴ ለሀጅራ እንድሪስ፤ ደሴ።

እታለም ሀጅራ፣ ለመሆኑ እንደምን ከረምሽልኝ? የእናታችን ጉልበትስ ክረምቱን ቻለው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁና ከመርካቶ ጭቃ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ያን የመጀመሪያ ካሴታችንን ለምን አትልክልኝም ብለሽ ተቆጥተሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሬበት ነው። ስንቀዳ የቴፑ ሞተር ተበላሽቶ ኖሮ ዘፈኑ ሁሉ እየተጎተተ ወጣ። እንደ ፈረንጆቹ ሮክ ልናስጮኸው ያሰብነው ጊታር እንደ ደከመች አህያ ይንቀራፈፋል። የእኔ የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ ድምፅ ወፍሮ የሽማግሌ ሆኖ አረፈው! የባንዱ ልጆች «ሼህ ጠይብ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ። ሕዝቡ ግን ወደደው። ራጉኤል አጠገብ ካለው ሙዚቃ ቤት ሲለቁት ሰው ቆሞ ይሰማል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በመጨረሻ የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት ጋሽ ዱባለን እንደገና እንቅዳው ብዬ ለመንኳቸው። ባዶ የካሴት ክር ከገበያ ስለጠፋ በዚያው በዋናው ላይ ደርበን እንቀዳለን አሉኝ። የድሮው ይጥፋ፣ ግልግል ነው አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት ልንቀዳ ስንሰናዳ ጋሽ ዱባለ አሮጌውን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈቱት። የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ራህማ ጨርቅ ሊገዙ ከደሴ መጥተው ኖሮ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። «ያ አላህ! እንድሪስ አልሞተም እንዴ?» አሉ። የምዘፍነው እኔ ነኝ ብላቸው በጄ አላሉም። አባታችን መንዙማ ሲያወርድ የመጨረሻዋን ቃል እንዴት እንደሚስባት እየነገሩኝ አለቀሱ።

ሱብሃነላህ! እታለም! እኔኮ ገና ጡት ሳልጥል ነው የሞተው፤ ድምፁን አላውቀውም። ያን የማፍርበትን ካሴት በዚያው ቀን አራት ጊዜ ሰማሁት። ይህን ሁሉ ዘመን በጉሮሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል? ወይስ እትዬ ራህማን ናፍቆት አታለላቸው? ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ደግሞ አልዋሽሽም፣ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ሕዝቡ የወደደው እኔን ነው እሱን?

ጋሽ ዱባለ መልስሽ እስኪመጣ ክሩን አልነካም ብለዋል። አባታችን ሲሞት አንቺ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ አትረሺውም። አንዱን ቅጂ በእትዬ ራህማ እጅ ልኬልሻለሁ። ስሚውና እሱ ከሆነ እሱ ነው በይኝ፤ ካልሆነም አትደብቂኝ።

ባልሽን ሐምዱን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ዘኪያን ጉንጯን፣ እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እትዬ ራህማ ለእናታችን ትንፍሽ እንዳይሉ አስምያቸዋለሁ። አንቺም አደራ፣ ሳትነግሪያት ካሴቱን እንዳትከፍቺባት። መጀመሪያ አጠገቧ ቁጭ በይና እጇን ያዢልኝ።

ወንድምሽ ጠይብ እንድሪስ
አዲስ ከተማ፣ መርካቶ
ነሐሴ 9 ቀን 1973 ዓ.ም.