ቄጤማው ከመጎዝጎዙ በፊት፦ ለእንግዳ ማረፊያው የቦርድ ሰብሳቢ

ጥር 13 ቀን
ደብረ ብርሃን

ለተከበሩ አቶ ብርሃነ መስቀል
የጉም ጫፍ የእንግዳ ማረፊያ የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
አንኮበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና መላው የቦርዱ አባላት በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የእርስዎ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ደኅና እንዲሆኑልኝ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከደብረ ብርሃን ውርጭና ከእርስዎ ደብዳቤዎች በቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም።

ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ረስተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎ። ፍሥሐ ገብረ ጻድቅ እባላለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ላቫጆ ውስጥ መኪና በማጠብ ጀምሬ፣ ዛሬ የራሴን የውኃ ግፊት ማሽን ይዤ በየሎጁና በየመዝናኛው እየዞርኩ የእንጨት ሰገነት አጥባለሁ፤ ያረጀ ቀለም እልጣለሁ፤ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ውኃ የማያስገባ ዘይት እቀባለሁ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ የሚያየውን የማረፊያውን ሰገነት አጽድቼና ቀብቼ ለፊታችን ቅዳሜ ዳግም ምረቃ እንዳደርስ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ የቀጠሩኝ እርስዎ ነዎት። በእኔ ላይ ስለጣሉት እምነት ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስካሁን ባያነሡት ኖሮ ይበልጥ አመሰግን ነበር።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። በተዘጋ ፖስታ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎት ሁለቱም «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ተመልሰውልኛል። ማየትና ማንበብ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ስለተረዳሁ፣ ሦስተኛውን የሚያነብ ሰው ቢገኝ ብዬ በአንኮበር ገበያ መግቢያ ግንብ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅሬታዎቼን፣ በቢሮ ደንብ መሠረት፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ላይ «ለላቫጆው» ብለው ስለጻፉልኝ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ላቫጆ አሳድጎኛልና አላፍርበትም። ነገር ግን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን እጅዎን ወደኋላ አጣምረው መጥተው፣ ከአጠገቤ ቆመው «ጨምርበት እንጂ፣ ምን ትፈራለህ?» እያሉ የማሽኑን ግፊት እንዳበረታ ሲያዙኝ፣ እንጨትና ሲኖትራክ አንድ መስለው እንደታዩዎት ገባኝ። ጥድ በቅርብ ርቀት በኃይለኛ ውኃ ሲመታ ፊቱ እንደተነደፈ ጥጥ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ዘይትም ቀለምም አይቀበልም። ስለዚህ ፊትዎን ሲያዞሩ ግፊቱን ቀንሼዋለሁ። ትእዛዝዎን መጣሴን ዛሬ በአደባባይ አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. የተላጠና የታጠበ እንጨት ሳይደርቅ ዘይት ቢቀባ እርጥበቱን ውስጡ ዘግቶ ያስቀረዋል። በሌላ አገር ሦስት የፀሐይ ቀን ይበቃዋል፤ አንኮበር ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው እየወጣ ሁሉን ስለሚያረጥብ አምስት ቀን ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝም። በተፈቀደልኝ በሁለተኛው ቀን የዝግጅት ኮሚቴው የአዳራሹን ምንጣፎች ሁሉ አውጥቶ እዚያው ሰገነት ላይ አጠባቸው። ሄጄ ብጮህ፣ ኮሚቴው በችግሬ ተጨንቆ፣ የከሰል ምድጃ በረድፍ ደርድሮ እንጨቱን ሊያደርቅልኝ ወሰነ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ከአባቶቼ ሰምቼ ነበር፤ «ሳይደርቅ በከሰል» የሚለውን ግን ከእናንተ ኮሚቴ ተማርኩ። ምድጃዎቹን አንድ በአንድ ያወረድኩት እኔና የማረፊያው ዘበኛ ጋሽ ወልደ ሰንበት ነን።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሥራ ጠባይ ነው፤ ሰው ከሰው ሲሠራ ይጋጫል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ አልፈው ነበር። የሚቀጥለውን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

፫ኛ. ቀለሙን ስልጥ አምስት ንብርብር አገኘሁ። የላይኛው ቡኒ የእርስዎ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከሁሉ በታች ቀይ አለ። ጋሽ ወልደ ሰንበት ቀለሞቹን እያየ የየትኛው ሰብሳቢ ዘመን እንደሆኑ በየስማቸው ቆጠረልኝ። አዲስ የተመረጠ ሁሉ የፊተኛውን ቀለም በራሱ ቀለም ሲሸፍን ኖሯል እንጂ ጣውላውን ገልጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ከአምስቱ ሥር የወጣው ጥድ ግን ዛሬ የተላገ ይመስል ነበር፤ ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ግማሽ ቀን ያህል በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያማረውን የምሠራ መስሎኝ በደስታ አፏጨሁ።

ወደ ገደሉ ጠርዝ ስጠጋ ከጣውላዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ቡናማ ጭቃ ይወጣ ጀመር። እዚያ ጭቃ ሊኖር አይችልም፤ ከሥሩ ያለው አየር ነው። በእግር መንገዱ ዞሬ ወርጄ ከታች ወደ ላይ ተመለከትኩ። ላይ ያለው ጣውላ ጥድ ነው፤ እርሱን የተሸከመው የገደል በኩል አግዳሚ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ በዓመታት ጉም ከዳር እስከ ዳር በስብሷል። ጭቃ የመሰለኝ እርሱ ራሱ ነበር። አለቱ ላይ ወጥቼ ካቻቢቴዬን ብሞክርበት እስከ እጀታው ድረስ ገባ፤ መዶሻም አላስፈለገኝ፤ በመዳፌ ነው የገፋሁት። ለሦስት ቀን ማሽኔን እየጎተትኩ ከላይ የቆምኩት በዚያ ላይ ነበር።

በዚያው ዕለት ጻፍኩልዎ። አግዳሚው እስኪለወጥ ሰገነቱ ይዘጋ፤ ሁለት አናጢ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል፤ ምረቃውም ከቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ይሁን አልኩ። የሰጡኝ መልስ ከማኅተሙ ሥር የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «አንተ የተቀጠርከው ለላዩ ነው፤ የታቹ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል።» ከግርጌው ደግሞ እንዳልሰጋ ብለው፣ ለዕለቱ ምንጣፍ እንደሚነጠፍበትና ከላዩ ለምለም ቄጤማ እንደሚጎዘጎዝበት አክለው አጽናኑኝ። ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ የሚሉት የአገራችን ሰዎች ይህን መልስ ቢያነቡ ምን ይሉ ይሆን?

ቄጤማ የክብር ነው። ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ፣ ለታላቅ እንግዳ ይጎዘጎዛል፤ እናቴም እኔ ከዩኒቨርሲቲው የማታ ትምህርት የተመረቅኩ ዕለት ጎዝጉዛልኛለች። ጉድጓድ ላይ ቅጠል አልብሶ መጪውን የሚጠብቅ ግን እኔ የማውቀው አዳኝን ብቻ ነው። እርስዎ በአደን እንደማይታሙ አውቃለሁ።

፬ኛ. የማረፊያው አስተናጋጅ ወይዘሪት ለተጊዮርጊስ፣ ባለፈው ሳምንት አርብ ለሁለት እንግዶች ሻይ ይዛ ስትሄድ በገደሉ በኩል ያለው ጣውላ ከድታት ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ ሰመጠ። የያዛት ቀሚሷና ሁለቱ እንግዶች ናቸው። በማግሥቱ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ሥራ ስትገባ ከአስተዳደሩ የጠበቃት ደብዳቤ «ጥንቃቄ በጎደለው አረማመድ በማረፊያው ንብረት ላይ ጉዳት ስለማድረስ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ አሳይታኝ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ውጭ ወጥቼ የማሽኔን ጎማ በእርግጫ መታሁት። ይህች ልጅ በዚህ ደመወዝ ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። ማስጠንቀቂያው ለጣውላው ቢጻፍ ቢያንስ ጥፋተኛውን ያገኝ ነበር።

የተሰበረችው ጣውላ በማግሥቱ በአዲስ ተተካች፤ ቡኒ ቫርኒሽም ተቀባች። ለፈጣን ምላሽዎ ምስጋና ይገባዎታል፤ ከሥሯ ያለው አግዳሚ ግን ዛሬም ያው ነው።

፭ኛ. ትናንት ሰኞ በመልእክተኛ የላኩልኝን ወረቀት ተቀብያለሁ። «ሰገነቱ በባለሙያ ተመርምሮ ለማንኛውም አገልግሎት ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማ ቦታ ተዘጋጅቶልኛል። ላቫጆ ብለው የጀመሩኝን ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ባለሙያ አድርገው ስላሳደጉኝ ቃላት የለኝም። ብፈርም መልካም የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጻፍልኝ፣ ባልፈርም ግን ስሜ ለአካባቢው ሎጆች ሁሉ እንደሚላክ መልእክተኛዎ በትሕትና አስረድቶኛል።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ስሜ ከጠፋ ሥራ የሚሰጠኝ ሎጅ በዚህ አካባቢ አይኖርም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ የገነባሁት ይኸው ስም ነው፤ ማሽኑ ያለ ስሜ ተራ ብረት ነው። ደግሞም ከበሩ በኩል ያለውን ግማሽ አስቀድሜ በዘይት ቀብቼው ስለነበር እጅግ አምሯል፤ ከሩቅ ላየው ሰው ያስጎመጃል። ይህ ውበት የእጄ ሥራ ነው። ሰው በእኔ ውበት ተማምኖ ይወጣበታል ብዬ ሳስብ አፈርኩ፤ ፈራሁም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ሳልፈርምበት ከዚህ ጋር መልሼልዎታለሁ።

፮ኛውን ቅሬታ ስለ ክብር እንግዶቹ ሶፋ ጽፌው ነበር፤ ከግርጌው ማስታወሻ ቢገባ ይሻላል ብዬ ወደዚያ አዛውሬዋለሁ።

የጥሪ ወረቀቱን አይቻለሁ። ሁለት መቶ እንግዳ፣ የባህል ኪነት ቡድን፣ ከምሳ በኋላ ጭፈራ ይላል። ዘወትር ሰገነቱ ላይ ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሸዋ ደግሞ ሲጨፍር መሬቱን እንዴት እንደሚረግጥ ለእርስዎ አልነግርዎትም። የምለምንዎት ቀላል ነገር ነው፤ በዓሉን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ያዛውሩት። ሜዳው ቀለም አልተቀባም፤ ተሸካሚም የለውም፤ የፈጠረው ጌታ እስካሁን ይዞታል። የድካሜ ዋጋ ይቅርብኝ፤ የድጋፍ ደብዳቤውም ይቅር፤ ስሜንም ለፈለጉት ሎጅ ይላኩት። ሰው አያውጡበት እንጂ ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ካነበቡ ለታገሡኝ ትዕግሥት፣ ካላነበቡም ለሚመቱበት ማኅተም አስቀድሜ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለላዩ ለተቀጠርኩበትና ለታቹ ላልተቀጠርኩበት ሰገነት ዘወትር አሳቢ፣ ለክብርዎ ታዛዥ፣ ለፊርማ ግን እምቢተኛ ሆኜ እቀራለሁ።

ፍሥሐ ገብረ ጻድቅ
የእንጨት ሰገነት አጣቢ (ላቫጆው)

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ለተጊዮርጊስ፣ ከማስጠንቀቂያዋ ጋር እንዲያያዝላት
ለጋሽ ወልደ ሰንበት፣ የምድጃዎቹን ቦታ ስለሚያውቅ
ለኪነት ቡድኑ፣ በተለይ ለከበሮ መቺው
የጥሪ ወረቀት ለደረሳችሁ ሁለት መቶ እንግዶች፣ ባላችሁበት

ማስታወሻ፦ ቀይ እጀታ ያለው ካቻቢቴዬ ዛሬም አግዳሚው ውስጥ እንደተሰካ ነው። ላወጣው ስል እንጨቱ አብሮ የሚመጣ መስሎኝ ትቼው መጣሁ፤ ወደ ገበያ በእግር መንገዱ የሚወርድ ሁሉ ቀና ቢል ያየዋል። በምረቃው ፎቶ ላይ ቆላው ከኋላ እንዲታይ ብለው የክብር እንግዶቹ ሶፋ በገደሉ ጠርዝ እንዲደረደር ማዘዝዎን ሰምቼ ቦታውን ለካሁት፤ የእርስዎ የመካከለኛው ሶፋ የሚውለው ልክ ከካቻቢቴዬ በላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰው ልከው ያስነቅሉት። በጉልበት ካልሆነ አልነቀልም ካለ፣ በሁለት መቶው እንግዳ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወረቀቱንም እፈርማለሁ። በሁለት ጣት ከወጣ ግን፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት እርስዎ ብቻዎን ሶፋው ላይ አንድ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ይቀመጡልን። ለተጊዮርጊስ ሻዩን እስከ በሩ ደፍ ድረስ አመጣለሁ ብላለች፤ ከደፉ ወዲያ ያለውን፣ ጥንቃቄ በተሞላበት አረማመድ፣ እርስዎ መጥተው ይወስዱታል።