ከሳጥኑ የነቀልኩት ጥቁር ጨርቅ

ጁባ፣ መጋቢት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእታለሜ በዛብሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። ልጁን ቀብሮ ማን ደህና ይሰነብታል! እኔን ይድፋኝ።

ከፍያለውን «ላኪው፣ ጁባ ሥራ ሞልቷል» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ወባ ሲጥለው ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ክሊኒክ የወሰድኩትም እኔው ነኝ። ነርሷ፣ የጎረቤትሽ የዙልፋ ልጅ ጀንነት፣ በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጠችው፤ ሳይመሽ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ፖሊሶቹም «ካላስ፣ በቃ፣ የገደለችው እሷ ናት» ብለው አሰሯት። አንቺ በስልክ ስትረግሚያት እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። አሁን ግን እውነቱን ስሚኝ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ድርጅታችን የሚያስገባውን የመርፌ መድኃኒት፣ እያንዳንዱን ብልቃጥ፣ መብራት ባለው ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ በነጭ ጀርባ፣ ቀጥሎ በጥቁር ጨርቅ ጀርባ አያለሁ። ጥቁር ጉድፍ በነጩ ይታያል፤ ነጩ ጉድፍ ግን በጥቁሩ ካልሆነ አይታይም።

ታኅሣሥ ላይ ተኩስ ሲጀመር የጽዳት ሠራተኛችን ወሰንየለሽ ባሏ ጀበል መንገድ ላይ ተገደለባት። ሱቅ ሁሉ ዝግ ነበር። «ጋሼ፣ ባሌ ሞቶ ቀይ ሻሽ ልሰር?» ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። የሳጥኑን ጥቁር ጨርቅ ነቅዬ ሰጠኋት።

በማግስቱ አለቃዬ «ቁስለኛው ብዙ ነው፤ ፈርምና ይውጣ» አለኝ። በነጩ ብቻ አይቼ፣ በጥቁሩም እንዳየሁ አድርጌ ፈረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔው ግን አይለቀምም።

ባለፈው ሳምንት ወሰንየለሽ ከአገር ቤት ጥቁር ልብስ ተልኮላት፣ ጨርቄን አጥባና ተኩሳ መለሰችልኝ። ሰቀልኩት። ያኔ በነጩ ብቻ አይቼ ከፈረምኩበት የመድኃኒት ምድብ ለናሙና ካስቀረነው አንዱን ብልቃጥ ገልበጥ ሳደርገው፣ የአምላክ ያለህ! እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነገር ውስጡ ይዋኛል። አጥልዬ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ከብልቃጡ ግድግዳ የተላጠ ብርጭቆ ነው፤ በደም ሥር ከገባ ሳንባን ዘግቶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ፖሊስ ከከፍያለው አልጋ ሥር ያነሳውንም ብልቃጥ አስመጥቼ አየሁ። ያው ነው። ጀንነት ያጠፋችው ነገር የለም፤ የኔን ፊርማ አምና ነው የሰጠችው።

የቀረውን መድኃኒት ከየክሊኒኩ አስመልሻለሁ። ነገ ጠዋት ብልቃጡንና የፈረምኩበትን ወረቀት ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። እሷ ትወጣለች፤ እኔ እዚያው ሳልቀር አልቀርም። ስልኬ ባይነሳ አትደንግጪ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ዙልፋ ለቅሶ ልትደርስ ብትመጣ በር ዘጋሽባት አሉ። እባክሽ እታለም፣ አሁን አንቺው ሂጂላት። «ልጅሽ ንጹሕ ናት፤ ልጄን የገደለው ወንድሜ ነው» በያት።

እመቤቴ ታጽናሽ፤ የልጅሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ታኑርልሽ።

ይህንንስ ደግሜ ደጋግሜ አይቼ ነው የፈረምኩት።

ገብረየስ