የመላጣዎች መብትና ሰባተኛው ቅጽ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ዲግቢ ታተርሶል
የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እርስዎና የተከበሩት የኮሚቴው አባላት እንዴት ከርማችኋል? ጤናችሁ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው በንጹሕ ልብ እንጂ መልሱን ለጥናት ልጠቀምበት አስቤ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ።

እስካሁን የሚያውቁኝ በተማሪ ቁጥሬ ብቻ ስለሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። ግሌኒስ አክሮይድ እባላለሁ። ሃሊፋክስ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ «ሴድሪክ» በሚባለው የወንዶች ፀጉር ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሴድሪክ የቀድሞው ባለቤት ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ሱቁን ከነስሙ ተረከብኩ። በወጣትነቴ የተመረቅኩት በጨርቃጨርቅ ንድፍ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ ፋብሪካዎቹ በራቸውን እየዘጉ ነበር። ስለዚህ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው በሁለት ዓመት ወደ ሥነ ልቦና የሚሸጋገርበትን ማስተርስ እናንተ ዘንድ ጀመርኩ።

በትምህርቱ እጅግ ተጠቅሜአለሁ። ስታቲስቲክስ የሚባለውን ነገር ሁለት ጊዜ አልቅሼበት በሦስተኛው ገብቶኛል። ደንበኞቼ ለሃያ ሰባት ዓመት የነገሩኝ ሁሉ እንደ ማስረጃ እንደማይቆጠርም ተምሬአለሁ፤ ለዚህም ትሕትና ዩኒቨርሲቲውን አመሰግናለሁ።

አሁን የቀረኝ የመመረቂያ ጥናት ብቻ ነው። ጥናቴ ቀላል ነው። በእኛ አገር ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ሐኪም ቤት ሄዶ «እንዴት ነዎት?» ሲባል «ምንም አልል» ይላል። መጠይቅ ሲሰጡትም ዜሮ ላይ ዜሮ ያከብባል፤ ሐኪሙም ዜሮውን ደምሮ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ያው ሰው እኔ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን፣ ፊት ለፊቱ መስታወት እንጂ ሰው ስለሌለ፣ ከጆሮው ጀርባ እየላጨሁት ሳለ ድንገት «የሻይ ኩባያዋን እስካሁን ከመደርደሪያው አላነሳሁትም» ይላል። ወንዶች ሐዘናቸውን ከፊት ለፊት ጥያቄ ይልቅ በመስታወት ውስጥ ይናገራሉ ወይ? የምፈልገው ይህንን ማወቅ ነው። ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው አሥራ ሁለት ደንበኞቼ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ሆነዋል። የጎደለው የኮሚቴው ፊርማ ነው፤ ማመልከቻዬንም ከኦክቶበር ወር ጀምሮ ስድስት ጊዜ መልሳችሁልኛል። ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ «በጥናቱ ወቅት ስለታም መሣሪያ ይኖራል ወይ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። መቀስ፣ ምላጭና ቶንዶስ እንደሚኖሩ በታማኝነት ጻፍኩ። «ስለታም መሣሪያዎቹን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ አመልካቿ ትግለጽ» የሚል መልስ መጣ። ለሦስት ቀን አሰብኩበት። ሱቄ ውስጥ ቢቀር ችግር የማይፈጥረው ብቸኛው ስለት ያለው ነገር የደንበኞቼ ምላስ ሆኖ አገኘሁት፤ እሱ ደግሞ ለጥናቱ ያስፈልገኛል።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ፀጉር የሌላቸውን ወንዶች እንደሚያገል ስላመለከታችሁኝ አመሰግናለሁ። ይህን ለአቶ ስታንሊ ሃርግሪቭ አነበብኩላቸው። አቶ ስታንሊ በራ ከሆኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን በየሦስት ሳምንቱ ሳያጓድሉ ይመጣሉ። አንገታቸው ላይ ያሉትን ሰባት ፀጉሮች እቆርጥላቸዋለሁ፤ የቀረውን ሰዓት እናወራለን። «ንገሪያቸው እንግዲህ» አሉኝ፣ «እኔ እዚህ የምመጣው ለፀጉር ነው ያላቸው ማነው?» መልእክቱን በሦስተኛው ቅጽ ላይ በጨዋ ቋንቋ ቀይሬ አስገብቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ተሳታፊው ሚስቱን ሲያስታውስ ሊከፋው እንደሚችል፣ እኔም እንዲህ ያለውን ሐዘን ለማዳመጥ ብቁ መሆኔ እንዳልተረጋገጠ ገለጻችሁልኝ። ስለዚህ ሰውዬው ከተከፋ ወዲያው መቀሴን አስቀምጬ፣ ሐዘንተኞች የሚደውሉበትን የከተማችንን የስልክ መስመር ቁጥር እንድሰጠው አዘዛችሁ። ትእዛዙ ጥሩ ነው። ቁጥሩንም በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በበጎ ፈቃድ ሠርቼበታለሁ። ይህን በአራተኛው ቅጽ ላይ ባስረዳ «የጥቅም ግጭት» የሚል አዲስ ክፍል እንድሞላ ተደረገ፤ ሞላሁት።

አራተኛ፣ ለተሳታፊዎች የሚሰጠው የመረጃ ወረቀት ግማሽ ገጽ ነበር። በእናንተ እርዳታ አምስት ገጽ ሆነ። «ማንም ሰው በቀላሉ የሚረዳው ይሁን» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አንድ ገጽ ተኩል ወስዷል። ስድስተኛው ቅጽ ደግሞ የተመለሰው ምንም ስሕተት ተገኝቶበት አይደለም፤ እኔ በላክሁበት ሳምንት ኮሚቴው ቅጹን ስለቀየረው ነው። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ የሳጥኖቹ ቀለም ግን ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓይን አይወጋም።

ክቡር ሆይ፣ እስከ ጁን 14 ካልፈረሙልኝ ጥናቱ ይቀራል። አማካሪዬ ዶክተር ናዝሚን ዕድሜዋ ትንሽ ቢሆንም የማትጠረጠር ጎበዝ ናት፤ ተጠባባቂ ርእስ አዘጋጅታልኛለች። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ቀይ ሳጥን ባዩ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ። የእሱ ማመልከቻ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ጸድቆ መጣ። «ግሌኒስ፣ ዝም ብለሽ እሱን ያዢና ተመረቂ» አለችኝ፤ «ቀዩ ሳጥን ማንንም አያስለቅስም።» እውነቷን ነው። ዲግሪውን በቀይ ሳጥንም አገኘዋለሁ።

ሰዎቼን ግን አላገኛቸውም። አሥራ ሁለት የነበሩት አሁን አሥር ናቸው። አንደኛው ልጃቸው ዘንድ ወደ ደቡብ ሄዱ። ሁለተኛው ዊልፍ ኦርመሮድ ናቸው፤ የምንጣፍ ፋብሪካው ሠራተኛ የነበሩት። በመጡ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ያ ወረቀትሽ መጣ ወይ?» ይሉኝ ነበር። «ገና ነው» ስላቸው «ግዴለም፣ እኔ የትም አልሄድ» ይላሉ። ስለ ባለቤታቸው የሚያወሩትን ለጥናቱ ብለው ቆጥበው ያዙት፤ እንዳይበላሽብኝ ብለው። አምስተኛው ቅጽ እናንተ ጋ እያለ፣ በማርች ወር አረፉ። ያንን ወሬያቸውን ይዘውት ሄዱ። ይህ ያንገበግበኛል፤ በትሕትና ላቀርበው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። «ይቆዩ፣ ይፈቀድ» ያልኳቸው እኔ ነኝና ጥፋቱን ለብቻችሁ አልሰጣችሁም።

ስለዚህ ሰባተኛውን ቅጽ፣ ሰማያዊ ሳጥኖቹን ሁሉ ሞልቼ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ከቀሩት አሥር ሰዎች ታናሹ የሰባ አንድ ዓመት ሰው መሆናቸውን ኮሚቴው በቀን መቁጠሪያው ላይ እንዲያስብልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ለትዕግሥቴ እድገት ላደረጋችሁት ያልተቋረጠ አስተዋጽኦ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴው አጭር ስብሰባን እመኛለሁ።

ስድስት ጊዜ ተመልሶ ከማይሰለች አክብሮት ጋር፣
ግሌኒስ አክሮይድ
ሃሊፋክስ፣ ጁን 3

ግልባጭ፦
ለዶክተር ናዝሚን
ለአቶ ስታንሊ ሃርግሪቭ (በጥያቄያቸው መሠረት)
ለሱቄ መስኮት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት አንድ የማላውቃቸው ሰው ወደ ሱቄ ገቡ። ማንነታቸውን እንዳልገልጽ የሚከለክለውን ደንብ እናንተው ስላስተማራችሁኝ ስማቸውን አልጽፍም። ሰኞ ባለቤታቸውን እንደሚቀብሩና ፀጉራቸው እንዲያምር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰርኩ። ከዚያ መስታወቱን እያዩ ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። ምን እንዳሉ የኔና የእሳቸው ነው። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም፤ የፈሰሰው እንባም በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም። ሲጨርሱ፣ መምጣታቸውን ብቻ በዚህ ደብዳቤ ላይ ለመጥቀስ ፈቃድ ጠየቅኋቸው፤ እንደ ደንቡም አምስቱን ገጽ የመረጃ ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ «ይሄን ደግሞ ማነው የጻፈው? ሰው ባዘነበት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ይሰጠዋል እንዴ?» አሉ። ቅሬታ ያለው ሰው ለማን እንደሚያመለክት መጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፏል አልኳቸው። ገለጡት፤ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ስም አነበቡ፤ ከስሙ በላይ ያለውን የእኔንም ስም አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ብዕር ለምነውኝ የፈቃዱ ቦታ ላይ ፈረሙ። በጣም የሚያምር ፊርማ ነው፤ ሰባተኛው ቅጽ ላይ፣ ከሰማያዊው ሳጥን ውስጥ ቢያርፍ፣ የበለጠ ያምራል።