አሞርዛተሩ ለኅዳር ሚካኤል

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2000

መጡ። ሁለት ቢጫ አሞርዛተሮች፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ፣ በሚኒባስ ወንበር ሥር ተጉዘው። የመኪናዋ ፋብሪካ የሷን ዕቃ መሥራት ካቆመ ስለቆየ ሌላ ድርጅት የሠራቸው ናቸው። ይግጠሙ አይግጠሙ እግዜር ይወቅ።

አባባ ዞር ብለውም አላዩዋቸው። «ወገቤን የሰበረች መኪና ናት፤ ዶሮ ይደርባት» አሉ። በወጣትነታቸው ከፈረንጅ ሐኪም የገዟት ቀይ የስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። የኋላ አሞርዛተሯ ከሞተ ወዲህ ኮረኮንቹ ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች። ሚኒባሱም ለወገባቸው አልተሻለም። ስለዚህ ከፋሲካ ወዲህ ዳባት ያለው የሚካኤል ማኅበራቸው አልሄዱም።

ማኅበርተኞቹ ልከውባቸዋል፤ በኅዳር ሚካኤል ካልመጡ በቦታቸው ሌላ ሰው ሊተኩ ነው። አባባ ግድ የለኝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህል በደንብ አይበሉም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ አስረስ ጋራዥ። ጋሽ አስረስ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና የጠገነ ሰው ነው። «ይቺማ ክሪክም አያሻት፣ በእጃችን እናንሳት» ብሎ ቀለደብኝ። የዛገው ብሎን ግን ናፍጣ ሲጠጣ አመሸ። አዲሶቹ ቀዳዳቸው ልክ ገጠመ። በግራሶ እጄ ጋሽ አስረስን ጨበጥኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። እስከ ከተማው ጫፍ ሞከርናት፤ ከበፊቱ ብሳ አረፈችው። ጭንቅላቴ የሸራውን ጣሪያ መታ፣ ጋሽ አስረስ ምላሱን ነከሰ። ልቅሶዬ መጣ። ነገ ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ጋሽ አስረስ መፍቻ አያነሳም፣ እኔም አልለምነውም።

ተመልሰን ሥሯ ገባሁ። አሞርዛተሮቹ ላይ ቁጥር ያለባት ትንሽ ቀለበት አለች። ነክቷት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከፋብሪካው ላልታ ነው የመጣች፤ እስኪበቃት አጠበቅኋት።»

ለካ የአሞርዛተሩን ጥንካሬ መምረጫ ናት። የካርቶኑን ሥዕል አሳየሁት፤ ለቀላል ጭነት ወደ ግራ፣ ለከባድ ወደ ቀኝ። እሱ ቡና ለጫነ መኪና በሚመች ጉልበት እስከ ጥጓ ወደ ቀኝ አዙሯታል። ሥዕሉን አየና፣ «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብሎ ሳቀ፤ ምላሱ እያመመው።

ሁለቱንም በጣቴ ወደ ግራ መለስኳቸው። እንደገና ወጥተን ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ላይ ስንደርስ ጋሽ አስረስ በሩን ጨምድዶ ያዘ። ቆይቶ «አለፍነው እንዴ?» አለኝ። ጮቤ ልረግጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ክርክር። አባባ «እሞታለሁ» አሉ፤ ግን ነጠላቸውን ለብሰው ነው የሚከራከሩት። መንገድ ላይ እስከ ወቀን ከተማ በየጉድጓዱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወቀን በኋላ ስለ ገብሱ አዝመራ ማውራት ጀመሩ።

ዳባት ሲገቡ ማኅበርተኞቹ በሙሉ ተነሱላቸው። አባባ አለቀሱ፤ እኔም አላስቀረሁም። የታኅሣሥን ጽዋ እሳቸው ተቀበሉ፤ ድግሱ እንግዲህ በእኔ ትከሻ ነው፣ ይሁን። ጠላውን ግን ከንፈራቸውን ብቻ አስነኩት። ምነው አልኩ በሆዴ።

ልንመለስ ስንል በሾፌሩ በር በኩል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን አምጪው።»

ስንት ወር መሪ አልነኩም። ፈራሁ፤ ግን ሰጠኋቸው። ደባርቅ ገብተን ቤታችንን አለፉት።

«አባባ፣ ቤቱን እኮ አለፍነው።»

«ነዳጅ አለ አይደል?» አሉኝ።

እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ነዱኝ። ወገባቸውን ያማቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።