እኛ የምንሸሸው ሦስተኛው ሞገድ

ኩስቶዲዮ ወንድሜ፣ "የጀልበኛ ዓይን ሞገድ ለሚጋልቡበት የሰርፍ ሳንቃ ምን ይረባል?" ብለህ የሳቅክብኝን አልረሳሁም። እንግዲህ ስማኝ!

እዚህ ፈረንሳይ፣ የልጅ ልጄ ኢዳሊና ለሰርፍ ውድድሩ ፍጻሜ ስትቀርብ ተፎካካሪዎቿ ሁሉ ትልቁ ሞገድ ካለበት ተኮለኮሉ። ያ ሞገድ ግን እንደ ግድግዳ ባንዴ ይናዳል እንጂ አያስጋልብም። በሰሜን በኩል ጠቆር ያለ ውሃ እንደ ወንዝ ወደ ባሕሩ ሲወጣ፣ ከጎኑም የአሸዋ ጉብታ ተኝቶ አየሁ። ቁርጥ እኛ አገር ጀልባ የምናስወጣበትን ቦታ! "ባሕሩ ግማሽ ሲሞላ ሞገዱ እዚያ ይነሣልሻል፤ ሂጂ" አልኳት።

አሰልጣኟ ስልኩ ላይ የሞገድ ትንበያ እያየ፣ "አባባ፣ እዚያ እኮ ሕፃናት ናቸው የሚንቦራጨቁት!" አለኝ።

"ስልክህ አሸዋ ረግጦ ያውቃል?" አልኩት።

ከውድድሩ ሃያ ደቂቃ አሥራ አምስቱን እዚያ ሳንቃዋ ላይ ብቻዋን ቁጭ አለች። ሰው ሳቀ፤ እኔንም ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ውሃው ሞላና ሞገዱ ተነሣ። አንዱን አሳለፈች፣ ሁለተኛውንም። እኔና አንተ ዕድሜያችንን ሙሉ ጀልባ ይዘን የሸሸነውን ሦስተኛውን ግን ያዘችው፤ እስከ ዳር ጋለበችው። አንደኛ ወጣች!

አሁን አሰልጣኙ በየማለዳው፣ "አባባ፣ ዛሬስ የት ነው?" እያለ ይመጣል።

ኢዳሊና፣ ፖስት ካርዱ ሞላ ትለኛለች። ባለቤትህን ዴልፊናን ሳምልኝ፤ መረብ ጎታቾቹን ሰብስብና ይህ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የምትጽፈው ኢዳሊና ናት፤ "አያቴ አጋኖታል" የሚል ከጨመረችበት እሱን ዝለሉት።

ቬናንሲዮ